የገዢው ዘመንና የዕቃው ዘመን፦ ለአንድ የቆየ ሙግት ምላሽ

በግንባታ ሙያ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ፣ አዲስ አበባም ይሁን እዚህ ኔዘርላንድስ፣ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የሚያልፍ አንድ አስተያየት አለ። አንድ ሊፍት፣ አንድ የውሃ ፓምፕ ወይም አንድ የጣሪያ ክዳን ሲመረጥ የመግዣ ዋጋውን ብቻ ማየት እንደማይበቃ ሁሉም ይስማማል። ዕቃው እስኪጣል ድረስ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ፣ የሚጠይቀው ጥገናና መለዋወጫ፣ በመጨረሻም የሚነቀልበት ወጪ ይደመራል፤ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ይቀነሳል፤ የዕድሜ ዘመን ወጪ ስሌት የሚባለው ይህ ነው። አስተያየቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስሌቱ መልካም ነው፣ ግን የተበጀው ለሀብታም አገር ነው ይባላል። ገንዘብ በሚያጥርበት፣ የባንክ ወለድ በሚከብድበት፣ ዕቃ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ተመዝግቦ በማይገኝበት አገር ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ተጫራች መውሰድ የግድ ነው፤ የነገውን ጥገና የነገ በጀት ይወጣው።

ይህን የሚሉት ሰዎች ለሥራቸው ግድ የሌላቸው አይደሉም። ብዙዎቹ ሕንፃ አቁመው ያስረከቡ፣ በጀት ሲታጠፍባቸውና ዕቃ ወደብ ላይ ሲቆምባቸው ያዩ ናቸው። ለዚህም ነው ሙግታቸው በአክብሮት መመለስ ያለበት። ምላሼን ከአምስተርዳም፣ ከሮተርዳምና ከሄግ የምጀምረው እነርሱ ራሳቸው ሦስቱን ከተሞች በማስረጃነት ስለሚጠሩ ነው፤ «ሆላንዶቹ የሚያደርጉት ስለሚችሉ ነው» ይላሉ። እኔ እነዚህ ከተሞች የሚመሰክሩት ተቃራኒውን ይመስለኛል። ዓመተ ምሕረቱን ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስተርዳም የቆመችው በእንጨት ላይ ነው። የላይኛው አፈር ለስላሳና ውሃ ያዘለ በመሆኑ ሕንፃ አይሸከምም፤ ጭነት የሚችለው አሸዋ የሚገኘው 12 ሜትር ያህል ከተወረደ በኋላ ነው። የጥንቶቹ ግንበኞች ረጃጅም ግንዶችን አሸዋው እስኪደርሱ እየቀጠቀጡ ያስገቡና በላያቸው ይገነቡ ነበር። በ1648 ማዘጋጃ ቤት እንዲሆን መሠራት የጀመረው፣ ዛሬ በዳም አደባባይ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ከሥሩ 13,659 ግንዶች አሉት። የአምስተርዳም ተማሪዎች ቁጥሩን የሚይዙት በዘዴ ነው፤ የዓመቱን 365 ቀናት ወስደው ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9 ይጨምራሉ። ግንድ ውሃ ውስጥ እስከሰጠመ ድረስ አየር ስለማያገኝ ፈንገስ አይበላውም። የከርሰ ምድር ውሃ ሲወርድ ግን የግንዱ ራስ ለአየር ይጋለጥና መበስበስ ይጀምራል። በውሃ ውስጥ እንዳለም ባክቴሪያ ቀስ እያለ የሚቦረቡረው የጥድ ዓይነት አለ። ሮተርዳም ውስጥ በእንጨት ላይ የቆሙ አሮጌ ሰፈሮች በዚህ ምክንያት ቤታቸው እየተሰነጠቀ ነው። በ2024 ለኔዘርላንድስ መንግሥት የቀረበ የአማካሪ ምክር ቤት ሪፖርት በመላው አገሪቱ እስከ 2035 ድረስ መሠረታቸው የሚጎዳ ወይም የተጎዳ 425,000 ያህል ሕንፃዎች እንዳሉ ገምቷል።

ከቤቶቹ ይልቅ ለክርክራችን የሚበጀው የቦዮቹ ዳር ግንብ ነው። አምስተርዳም በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የቦይ ዳር ግንብና ተሽከርካሪ የሚያልፍባቸው 850 ያህል ድልድዮች አሏት። ግንቡ ሲሠራ በላዩ የሚያልፈው ጋሪ ነበር፤ ዛሬ የሚያልፈው ኮንክሪት የጫነ ከባድ መኪና ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 በመሀል ከተማ ግሪምቡርኽዋል በሚባለው ቦይ ዳር ግንቡ ተደርምሶ ውሃ ውስጥ ገባ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ያኔ ከተማዋ ችግሩን ታውቀው ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት ጥገናው እየተላለፈ እንደመጣ ከአንድ ዓመት በፊት በምርመራ ተነግሯታል። ስንት ግንድ ጤነኛ፣ ስንቱ የበሰበሰ እንደሆነ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ ግን አልነበረም። ጠላቂዎች ጨለማው ውሃ ውስጥ እየገቡ አንድ በአንድ መመርመር ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሙግቱን የሚያቀርቡትን ልጠይቅ። አምስተርዳም ግንቧን ችላ ባለችባቸው ዓመታት ድሃ ነበረች? አልነበረችም። በዓለም ላይ ካሉት ባለጸጋ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የሂሳብ ሊቅና መሐንዲስም አልጠፋባትም። የጎዳት በ1980ዎቹ የጥገናውን በጀት የሚቀንሰው ሰው በ2020 የሚደርሰውን ወጪ የሚከፍል አለመሆኑ ነው። በአንድ ምክር ቤት ዘመን የተገኘው ቁጠባ የዚያ ምክር ቤት ስኬት ሆኖ ተመዘገበ፤ ውጤቱ ግን ሌላ ምክር ቤት ላይ፣ ሌላ ትውልድ ላይ ወደቀ። እንግዲህ ሀብት ስሌቱን አላመጣውም። ስሌቱ የጠፋው ባለቤት የለሽ ስለነበረ ነው። ዛሬ ከተማዋ በየዓመቱ በብዙ ገንዘብ ግንብና ድልድይ የምታድሰው ያኔ ተቆጠበ የተባለውን ከነወለዱ እየመለሰች ነው።

የሮተርዳሙ የማስ ዋሻ ሌላ ገጽ ያሳያል። ዋሻው በ1942 ከወንዙ ሥር ተከፈተ። ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠሩት ከእንጨት የሆኑ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሰው ሲያወርዱና ሲያወጡ ኖረዋል፤ ሁልጊዜ የሚንከባከባቸው ባለሙያ ነበራቸውና። ከመኪናው መንገድ ሥር ያለው አርማታ ግን በክረምት ለበረዶ የሚበተነው ጨው ሰርጎ ፌሮውን እየበላው፣ ከ2017 እስከ 2019 ለሁለት ዓመት ያህል ዋሻው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያገለገለ መታደስ ነበረበት። እንጨቱ የኖረው የሚታይና የሚነካ ስለሆነ ነው። አርማታው የማይፈርስ ስለመሰለና ስላልታየ ተጎዳ። ስለ ዕቃ ዘላቂነት ስናወራ የዕቃውን ዓይነት ብቻ የምናይ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ ዕድሜ የዕቃው ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው የሚያየው ሰው መኖርም ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። የምኖረው ሄግ ውስጥ ስምንት መኖሪያ ቤቶች ባሉት አሮጌ ሕንፃ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጣሪያው ክዳን ተሰነጣጥቆ ሁለት ሐሳብ ቀረበልን፤ አንዱ አነስ ያለ ዋጋ ኖሮት ቶሎ የሚታደስ፣ ሌላው ወደድ ብሎ ብዙ የሚቆይ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበው ጎረቤቴ ርካሹን መረጠ። እሱን አልወቅሰውም፤ ለእርሱ ስሌቱ ትክክል ነበር። በእርሱ ዘመን ጣሪያው አያፈስም። እኛ የምንቆየው ደግሞ ውዱን መረጥን፤ የእኛም ስሌት ትክክል ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትክክለኛ ስሌት ሊኖር የቻለው የገዢው ዘመንና የዕቃው ዘመን ስለማይገጥሙ ነው። ልዩነቱን የፈታው የማንም ሀብት አይደለም፤ ሕጉ ነው።

ሕጉ ይህን ይላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ቤት ያላቸው ሰዎች የባለቤቶች ማኅበር አላቸው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ማኅበሩ በየዓመቱ ለወደፊት ጥገና ገንዘብ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። መጠኑ የሚወሰነው የዓመታት የጥገና ዕቅድ አውጥቶ በዚያ መሠረት፣ ወይም ሕንፃውን እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ቢያንስ 0.5 በመቶውን በመውሰድ ነው። ለምሳሌ እንደገና ለመሥራት 4 ሚሊዮን ዩሮ የሚያስፈልገው ሃያ ቤት ያለው ሕንፃ በዓመት 20,000 ዩሮ ያስቀምጣል፤ ለአንድ ቤት በወር 83 ዩሮ ገደማ ይደርሰዋል። ቤቱን የሚሸጥ ሰው ያዋጣውን ይዞ አይሄድም፤ ገንዘቡ ከሕንፃው ጋር ይቀራል። ይህ ሕግ የወጣው ሆላንዶች በተፈጥሯቸው አስቀማጭ ስለሆኑ አይደለም። ስላላስቀመጡ ነው። በሄግና በሮተርዳም አሮጌ ሰፈሮች በወረቀት ያሉ፣ ግን ስብሰባ የማይጠሩና መዋጮ የማይሰበስቡ ማኅበራት ስለበዙ «ያንቀላፋ ማኅበር» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

ያንቀላፋ ማኅበር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የባለቤቶች ማኅበር ይደነግጋል። ማኅበሩ በብዙ ቦታ አለ፤ ጥበቃ ይቀጥራል፣ ግቢ ያስጠርጋል። ለሚያረጀው ለሊፍቱና ለፓምፑ፣ ለደረጃው መብራትና ለፍሳሽ መስመሩ ከወር ወር የሚያስቀምጥ ግን ጥቂት ነው። ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት ያቆመ ቀን መዋጮ ይጠራል፤ ያኔ የሚገዛው ደግሞ መርካቶ ያለው፣ ለዚያ ሳምንት ኪስ የሚበቃው ፓምፕ ይሆናል። ወገኖቼ ይህን አይተው «ድህነት ነው» ይላሉ። እኔ ግን አንድ ነገር አስታውሳለሁ። እነዚሁ ነዋሪዎች እድርተኞች ናቸው። መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅ፣ መምጣቱ ግን ለማይቀር ወጪ በየወሩ የሚከፍሉ፣ መዝገብ የሚይዙ፣ ያልከፈለውን የሚቀጡ፣ ድንኳንና ወንበር ገዝተው የሚያስቀምጡ ሰዎች ናቸው። ለሚሞት ሰው ቀድሞ መዘጋጀት የሚያውቅ ሕዝብ ለሚሞት ሊፍት ቀድሞ መዘጋጀት ያቅተዋል ብዬ ማመን አልችልም። የጎደለው ችሎታ ሳይሆን ሊፍቱን የእድሩ ያህል «የእኛ» የሚያደርገው ሥርዓት ነው።

የሙግቱ ጠንካራ ጎን ግን ወለድ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። ተከራካሪዎቼ የሚሉት እንዲህ ነው። ኔዘርላንድስ የመንግሥት ፕሮጀክት ስትገመግም የወደፊት ወጪን የምትቀንስበት ምጣኔ ዝቅተኛ ነው፤ በ2015 3 በመቶ፣ በ2020 ደግሞ 2.25 በመቶ ነበር። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚወጣ ወጪ ዛሬ ሲታይ አሁንም ይከብዳል፤ ዛሬ ጨምሮ ዘላቂውን መግዛት ያዋጣል። እኛ ዘንድ ግን ባንክ የሚያበድረው በ18 በመቶ ቢሆን የወደፊቱ ወጪ ተቀንሶ ተቀንሶ ምንም ስለሚሆን ርካሹ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርተው ያሳዩኝ መሐንዲሶች አሉ፤ ድምራቸው ትክክል ነው። ስሕተቱ ከድምሩ በፊት ያለ ነው።

በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹን ለማብራሪያ እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንድ ፓምፕ 200,000 ብር ሆኖ 5 ዓመት ያገለግላል። ሌላው 320,000 ብር ሆኖ 10 ዓመት ያገለግላል። አሥር ዓመት ለመሙላት የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ይገዛል። ሁለተኛውን ግዢ በ18 በመቶ ወደ ዛሬ ስንመልሰው 87,400 ብር ያህል ይሆናል፤ ድምሩ 287,400፤ ርካሹ አሸነፈ። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ፓምፕ በ200,000 ብር ይገኛል ያለው ማን ነው? ዋጋ በዓመት 15 በመቶ የሚወጣ ከሆነ ወለዱ ከዋጋው መውጣት የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። 1.18ን ለ1.15 ስናካፍል እውነተኛው ምጣኔ 2.6 በመቶ ይሆናል፤ ከሆላንዶቹ ምጣኔ ብዙም የማይርቅ። በዚህ ምጣኔ ሁለተኛው ግዢ ዛሬ 175,800 ብር ያህል ይከብዳል፤ ድምሩ 375,800 ይደርሳል። አሁን ያሸነፈው 320,000 ብር የሚያወጣው ፓምፕ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ልዩነት ገና አልጨመርኩም። ሆላንዶቹ የተጠቀሙበት 2.25 በመቶ የዋጋ ንረት የተነሳለት ምጣኔ ነው። የእኛ ሰው ግን የዋጋ ንረት ያለበትን የባንክ ወለድ ወስዶ ንረት የሌለበትን የዛሬ ዋጋ ይቀንስበታል። ሁለቱን መቀላቀል ውሳኔውን እንዲህ ይገለብጠዋል።

ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሊፍት ሰሌዳ፣ የጀነሬተር ፓርት ወይም የማቀዝቀዣ ጋዝ በዶላር የሚገዛ ሰው የገጠመው የዋጋ ለውጥ የትኛውንም የባንክ ወለድ የሚበልጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ እውነተኛው ምጣኔ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የነገው ወጪ ከዛሬው ይከብዳል ማለት ነው። እንግዲህ ከውጭ ምንዛሪ እጥረትና ከዋጋ ንረት የሚነሳ ሰው ሊደርስበት የሚገባው ድምዳሜ «ቶሎ የሚበላሸውን እንግዛ» የሚለው ሊሆን አይችልም። በአንጻሩ ጥገናው በአገር ውስጥ እጅና በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራ ነገር፣ ዛሬ ትንሽ ቢወደድም፣ ከማንም በላይ ለእኛ ያዋጣል።

አንድ ነገር ግን ልቀበል። በእጁ 200,000 ብር ብቻ ያለው፣ የሚያበድረውም የሌለው ሰው 320,000 ብር የሚያወጣውን ፓምፕ ሊገዛ አይችልም፤ ለእርሱ ምጣኔ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም። ዘይት በጠርሙስ ሳይሆን በሲኒ የሚገዛ ቤተሰብ በሲኒው ሲባዛ ዋጋው እንደሚበልጥ ያጣው አይደለም። ለዚህ ሰው የዕድሜ ዘመን ስሌት መስበክ ጭካኔ ነው። ነገር ግን ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አካል ለሃምሳ ዓመት የሚሆን ሕንፃ የሚያቆም ነው፤ ራሱን በሲኒ ዘይት ከሚገዛ ቤተሰብ ጋር አስተካክሎ ሊከራከር አይገባውም።

ሄግ ውስጥ መንግሥት የገዢውን ዘመን ከዕቃው ዘመን ጋር ለማጋጠም የሞከረበት አንድ ዘዴ አለ። በኮርተ ፎርሃውት ጎዳና ያለው የገንዘብ ሚኒስቴር በ2000ዎቹ መጨረሻ ሲታደስ፣ በ2016 የተጠናቀቀው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ ሕንፃም ሲሠራ፣ ሥራው የተሰጠው ነድፎ፣ ገንብቶ፣ ገንዘቡን አፈላልጎ፣ ለ25 ወይም ለ30 ዓመት ጠግኖ ለሚያስተዳድር ኅብረት ነው። መንግሥት የሚከፍለው ሕንፃው አገልግሎት እስከሰጠ ድረስ ነው፤ ሊፍቱ ከቆመ፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ክፍያው ይቀነሳል። የወለሉን ንጣፍ የሚመርጠው ሰው ለሃያ አምስት ዓመት የሚያጸዳው ሰው ሲሆን ምርጫው ወዲያው ይለወጣል። ይህን ውል እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ እናምጣ አልልም፤ ውሉ ረጅም ነው፣ መካከል ላይ ፍላጎት ሲለወጥ ማሻሻያው ውድ ነው፣ ጠንካራ ተቆጣጣሪም ይፈልጋል። አሳቡ ግን ያለ ውሉም ይሠራል። በስኺፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ በ2015 በተደረገ ስምምነት በአንዱ የመንገደኞች አዳራሽ የመብራቱ ባለቤት ፊሊፕስ ሆኖ ቀረ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ይከፍል የነበረው ለብርሃኑ ነው። አምፖሉ ሲቃጠል የሚከስረው የሠራው ከሆነ፣ የማይቃጠል አምፖል መሥራት ለሠሪው ያዋጣዋል።

በሌላው ወገን ያለውንም ስሕተት ማረም አለብኝ። ስሌቱን የሚደግፉ አንዳንድ ሰዎች «ሁልጊዜ የሚቆየውን ግዛ» የሚል ትእዛዝ ያደርጉታል። አይደለም። አምስተርዳም ውስጥ በዛውዳስ አካባቢ ቋሚው ፍርድ ቤት ሲፈርስና እንደገና ሲሠራ ለአምስት ዓመት ያህል የሚያገለግል ጊዜያዊ ፍርድ ቤት ያስፈልግ ነበር። በ2016 የተጠናቀቀውን ሕንፃ የነደፈው ሴፐዜድ የተባለው የሥነ ሕንፃ ቢሮ ነው፤ ውሉ መገንባትንና መጠገንን ብቻ ሳይሆን ነቅሎ መውሰድንም ያካተተ ነበር። ሕንፃው በብሎን እንዲፈታ ሆኖ ተሠራ፤ ጊዜው ሲያበቃ ተፈትቶ በምሥራቅ ኔዘርላንድስ ኤንስኸዴ ከተማ እንደገና ተተከለ። እዚህ ጥያቄው ስንት ዘመን ይቆያል የሚለው አልነበረም፤ ሲነሳ ስንት ያወጣል የሚለው ነበር። የቀሪ ዋጋ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚያፈርስ ሰው አዲስ አይደለም፤ ከሚፈርስ ቤት ቆርቆሮው፣ ፌሮው፣ በርና መስኮቱ ተለይቶ ይሸጣል። በጨረታ ሰነድ ላይ ግን ይህ ዋጋ ቦታ የለውም።

ስሌቱ ነቢይ እንዳልሆነም ሄግ ታስተምራለች። የፓርላማው መቀመጫ የቢነንሆፍ እድሳት በ2015 475 ሚሊዮን ዩሮ ይፈጃል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ምክር ቤቱ በ2021 ወደ ሌላ ሕንፃ ከተዛወረ በኋላ ግምቱ እያደገ ሄዶ ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ። ለዘመናት የተነባበረ ግንብ ውስጥ ምን እንዳለ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ የግንባታ ዋጋም ይነሳል። አንዳንዱ ይህን ይዞ «እንግዲህ ግምት ሁሉ ከንቱ ነው» ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ የተዘጋ ግድግዳ ሁሉ ቆይቶ ሲከፈት እንዲህ ያለ ሂሳብ ይዞ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ የሚያስደነግጠውም ለረጅም ጊዜ ስላልተጠየቀ ነው።

«መረጃ የለንም» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። አምስተርዳምም አልነበራትም፤ ጠላቂ ልካ አገኘችው። የአንድ ሕንፃ ኃላፊ በአንድ ጥራዝ ላይ ፓምፑ የተገዛበትን ቀን፣ የተበላሸበትን ቀንና የተከፈለለትን ብር ለአምስት ዓመት ቢጽፍ ከማንኛውም የውጭ ሠንጠረዥ የሚበልጥ መረጃ ይኖረዋል፤ ምክንያቱም ፓምፑ የሠራው በአዲስ አበባ ውሃና በአዲስ አበባ የመብራት መቆራረጥ ውስጥ ነው።

«የውጭ ሰው ስሌት ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ያሳዝነኛል። አያቴ ቤት ሲሠራ ለግድግዳው የሚሆነውን እንጨት ከቅርብ ባሕር ዛፍ ቆረጠ፤ ለመካከሉ ምሰሶ ግን ግማሽ ቀን ተጉዞ ፅድ አመጣ። ባሕር ዛፉን ምስጥ ሲበላው ከውጭ በኩል አውጥቶ መተካት ይቻላል፤ ምሰሶው ከተበላ ግን ቤቱ ሁሉ ይነሳል። ሊተካ የሚችለውን በርካሽ፣ ሊተካ የማይችለውን በዘላቂ፤ ይህ የዕድሜ ዘመን ወጪ ስሌት ነው፤ ማንም ዩኒቨርሲቲ አላስተማረውም። ገበሬው ስሌቱን የያዘው የሚገዛውም፣ የሚኖርበትም፣ የሚጠግነውም ራሱ ስለነበረ ነው።

ሁለቱ አገሮች የተገናኙበት አንድ ሕንፃም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። የኔዘርላንድስ ኤምባሲን ዲክ ቫን ሃመረንና ቢያርነ ማስተንብሩክ ከራሔል ሻወል አባ አርክቴክትስ ጋር ሠሩት፤ በ2007 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ግድግዳው የአካባቢውን ቀይ አፈር የሚመስል ቀለም ከውስጡ የተቀላቀለበት አርማታ ነው፤ ልስንም ቀለም ቅብም የለውም። የማይቀባ ግድግዳ እንደገና መቀባት የለበትም። ያንን አርማታ ያፈሰሱት የኢትዮጵያ እጆች ናቸው።

የኛ የግዥ ኮሚቴዎች ዛሬ ከሚያደርጉት የተለየ ብዙ ነገር እንዲያደርጉ አልጠይቅም። የአውሮፓ ኅብረት የ2014 የግዥ መመሪያ ዝቅተኛ ወጪ በዕድሜ ዘመን ስሌት ሊመዘን እንደሚችል በግልጽ ጽፏል፤ ኔዘርላንድስም በሕጓ ተቀብላዋለች። እኛ ከዚያ ባነሰ ልንጀምር እንችላለን። በጨረታ መገምገሚያ ቅጹ ላይ ከመግዣ ዋጋው ቀጥሎ የአሥር ዓመት የኤሌክትሪክ፣ የጥገናና የመለዋወጫ ግምት የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይኑር፤ የገዢዎቹ ፊርማ ካለበት ገጽ ላይም ሕንፃው ከተረከበ በኋላ ፓምፑ ሲቆም ሌሊት ተጠርቶ የሚመጣው የጥገና ኃላፊ ፊርማ ይኑር።